ከፊት ያለውን ዋት ተዉት፣ ጀርባውን አንብቡ

ፊቱ ላይ «1200 ዋት» የሚል ወርቃማ ወረቀት የተለጠፈበትን አምፕ፣ ማለትም ስፒከር የሚያሠራውን ድምፅ ማጉያ፣ አንሡና አዙሩት። የመብራት ገመዱ ከሚገባበት ጎን በደቃቅ ፊደል ሌላ ነገር ተጽፏል፦ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ 45 ዋት። ከሶኬት 45 ዋት የሚወስድ ዕቃ ለስፒከር 1200 ዋት ከየት ያመጣል? ላም አለኝ በሰማይ ነው። የፊቱ ቁጥር ፒኤምፒኦ ይባላል፤ ለዓይን ጥቅሻ ያህል ሊወጣ ይችላል ተብሎ የተገመተ፣ አለካኩም ወጥ ሕግ የሌለው ቁጥር ነው። መፈለግ ያለባችሁ አርኤምኤስ የሚለውን፣ ማለትም አምፑ ሳያቋርጥ የሚሰጠውን ዋት ነው። እሱም ቢሆን በስንት ኦም (ስፒከሩ ለከረንት በሚያሳየው መቋቋም)፣ በስንት በመቶ መዛባት እንደተለካ ካልተጻፈበት ግማሽ እውነት ነው።

እርግጥ ከታመነ ፋብሪካ የወጣ አምፕም ጀርባው ላይ ከፊቱ ያነሰ ቁጥር ሊኖረው ይችላል። አንዳንዶቹ የሚጽፉት በመደበኛ ድምፅ ሲሠራ የሚወስደውን ነውና፣ ሁለት ጊዜ 80 ዋት ያለው አምፕ ጀርባው 150 ቢል አትደንግጡ። 45 እና 1200 ግን ዝምድና የላቸውም።

ይህን የምጽፈው ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶ ወይም ጀሞ ኮንዶሚኒየም ላለው፣ አለዚያም ከለገጣፎ እስከ ሰበታ በየዳሩ ቆርቆሮ ክዳን ቤት ሠርቶ ለገባ፣ ሙዚቃውን በወጉ መስማት ለሚፈልግ ሰው ነው። ለድግስ ድንኳን የሚሆን ሞንታርቦ የሚፈልግ ሌላ ቦታ ይጠይቅ። ሞንታርቦ 100 ሰው ያለበትን ድንኳን እንዲሞላ የተሠራ ነው፤ 3 ሜትር ላይ ተቀምጠው ሲሰሙት ጆሮ ይበሳል፣ ዝግ ሲያደርጉት ደግሞ ቤዙ ይጠፋል።

የግዢው ቅደም ተከተል ክፍሉ፣ ስፒከሩ፣ ከዚያ አምፑ ነው። ብዙ ሰው አምፕ ገዝቶ ከጨረሰ በኋላ በተረፈው ብር ስፒከር ይፈልጋል፤ ይኼ ጫማ ገዝቶ እግር እንደ መፈለግ ነው። በአግባቡ የተሠሩ ሁለት አምፖች በአንድ ስፒከር ላይ ተራ በተራ ቢሠሩ ልዩነታቸውን የሚለይ ጆሮ ጥቂት ነው። ሁለት ስፒከሮችን ግን ከጓዳ ሆናችሁም ትለያላችሁ። ካላችሁ 10 ብር 6ቱን ለስፒከር፣ 3ቱን ለአምፕ፣ 1ዱን ለገመድና ለማስቀመጫ መድቡ።

ከስፒከር በፊት ሳሎኑ

የኮንዶሚኒየም ሳሎን ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ኮንክሪት፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ የቀረው መስታወት ነው። መሐሉ ላይ ቆማችሁ አንድ ጊዜ በኃይል አጨብጭቡ። ከጭብጨባው ኋላ እንደ ቆርቆሮ የሚያንጫርር ጭራ ከተከተለ፣ የትኛውንም ስፒከር ብታመጡ የዘፋኙ «ስ» እና «ሽ» ጆሮ ላይ እያፏጨ ያስቸግራችኋል። መድኃኒቱ ርካሽ ነው። በስፒከሩና በሶፋው መካከል 2 በ3 ሜትር የሚሆን ወፍራም ምንጣፍ፣ የመስኮቱን ስፋት እጥፍ የሆነና እየተሸበሸበ የሚወርድ ከባድ መጋረጃ፣ ከሶፋው ኋላ ደግሞ መጽሐፍ የሞላ መደርደሪያ በቂ ነው። የእንቁላል ትሪ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ግን አቧራ ከመያዝ በቀር እዚህ ግባ የሚባል ሥራ አይሠራም።

ቤዙ ሌላ ችግር ነው፤ በመጋረጃ አይመለስም። ሁለት ትይዩ ግድግዳዎች በመካከላቸው ባለው ርቀት የሚወሰን አንድ ዝቅተኛ ድምፅ ያጎላሉ። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 172ን ለርቀቱ በሜትር አካፍሉ። ሳሎኑ 4.2 ሜትር በ3.4፣ ከፍታው 2.6 ቢሆን 41፣ 51 እና 66 ኸርዝ (በሰከንድ የሚርገበገበው ብዛት) ላይ ቤዙ ያብጣል። ሦስቱ ቁጥሮች በተራራቁ መጠን ይሻላል። አራት ማዕዘኑ እኩል የሆነ ክፍል፣ 3.5 በ3.5 ለምሳሌ፣ ሁለቱም እብጠቶች 49 ኸርዝ ላይ ይደራረቡበታል፤ እዚያ ቤት ትልቅ ሰብዉፈር (ቤዝ ብቻ የሚያወጣ ሣጥን) ማስገባት በቁስል ላይ እንጨት ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ክፍል ባለ 5 ኢንች ወይም ባለ 6 ኢንች ተኩል ዉፈር (ቤዙን የሚያወጣው ትልቁ ክፍል) ያለው፣ ሁለት ድምፅ ማውጫ ብቻ ያለው መካከለኛ ሣጥን ይበቃል። ባለ 5ቱ እስከ 55 ወይም 60 ኸርዝ፣ ባለ 6 ተኩሉ እስከ 45 ወይም 50 አካባቢ ይወርዳል። ከዚያ በታች ያለውን ግድግዳው ራሱ ይጨምርላችኋል።

ቆርቆሮ ክዳን ቤት ይህ የቤዝ እብጠት ይቀንስለታል። ኮርኒሱ ቺፕውድ ወይም የተወጠረ ጨርቅ ስለሆነ ዝቅተኛው ድምፅ በዚያ ሾልኮ ይወጣል። ዋጋው ግን አለ፤ የላላ ሚስማር ያለበት ቆርቆሮ ከበሮ በተመታ ቁጥር አብሮ ይንጫጫል። ክረምት ላይ ዝናብ ሲወርድማ ምንም ስፒከር አይረዳችሁም፤ ጠብቁት።

ሰንሲቲቪቲ የምትለዋ ቁጥር

ስፒከር ስትመርጡ ከዋቱ በፊት ማየት ያለባችሁ ሰንሲቲቪቲ የሚለውን ነው። በ1 ዋት፣ 1 ሜትር ላይ ስንት ዴሲቤል (የጩኸት መለኪያ) እንደሚያሰማ ይናገራል። ትናንሽ ሣጥኖች ብዙውን ጊዜ ከ84 እስከ 88፣ ቁመታሞቹ ከ88 እስከ 91፣ ትዊተራቸው (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ክፍል) እንደ ጥሩምባ አፉ የተከፈተ ደግሞ ከዚያም በላይ ናቸው። የአራት ዴሲቤል ልዩነት በወረቀት ላይ ትንሽ ትመስላለች። ነገር ግን ድምፅን በ3 ዴሲቤል ለማሳደግ ዋቱን እጥፍ፣ በ10 ዴሲቤል ለማሳደግ ደግሞ አሥር እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ለጆሮ «እጥፍ ጮኸ» የሚመስለው ይኼ 10ሩ ነው። ከ50 ወደ 100 ዋት መሻገር የሚያመጣው ለውጥ በጭንቅ የሚታወቅ ነው ማለት ነው፤ ሻጩ ይህን አይነግራችሁም።

በቁጥር እንየው። ሶፋው ከስፒከሩ 3 ሜትር ይርቃል እንበል። ክፍል ውስጥ በዚህ ርቀት ወደ 6 ዴሲቤል ይጠፋል፤ ስፒከሮቹ ሁለት በመሆናቸው 3 ይመለሳል። ከዚህ ላይ ደግሞ ካታሎግ የማይጽፈው የእኛ አገር ቅናሽ አለ። አብዛኛው አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር ቢያንስ በአንድ አምስተኛ ይቀላል፤ የስፒከሩ ኮን (የሚርገበገበው ሾጣጣ ሽፋን) የሚገፋው አየር ስለሳሳ ወደ 2 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ባለ 86 ዴሲቤሉ ስፒከር በ1 ዋት ሶፋው ላይ 81 አካባቢ፣ ባለ 90ው 85 አካባቢ ያሰማል። 97 ዴሲቤል ለመድረስ ባለ 86ቱ 40 ዋት ሲፈልግ ባለ 90ው በ16 ዋት ይደርሳል። 97 ደግሞ ለቤት የመጨረሻው ጥግ ነው፤ በሥራ ቦታ ለ8 ሰዓት ጆሮ ሳይጎዳ ይችለዋል ተብሎ የሚመከረው ጣሪያ 85 ነው። ትርፉን ለከበሮ ምትና ለድንገተኛ ከፍታ ነው የምትፈልጉት።

እንግዲህ ለተራ ሳሎን ከ20 እስከ 50 እውነተኛ ዋት በየቻናሉ፣ ማለትም ለግራና ለቀኝ ስፒከር ለየብቻ፣ በቂ ነው። 88 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ የሆነ ስፒከር ካገኛችሁ 25 ዋት እንኳን ጎረቤት ያስነሣል።

ኦም ላይ ብዙ አልቆይም። 8 ኦም ለአምፑ ቀላል፣ 4 ኦም ከባድ ነው፤ በ4 ኦም አምፑ እጥፍ ከረንት ይሰጣል። ጀርባው ላይ «ከ6 እስከ 16 ኦም» የሚል አምፕ ላይ 4 ኦም ስፒከር ካሰራችሁ ቀስ ብሎ ሲዘፍን ምንም አይሆንም፤ ድግስ ቀን ይቃጠላል። ሁለት 8 ኦም ስፒከሮችን በአንድ ቻናል ጎን ለጎን ብታስሩም 4 ኦም ይሆናሉ። ጓዳ ውስጥ ሁለተኛ ጥንድ ስፒከር የሚጨምር ሰው አምፑን የሚገድለው በዚህ ነው። የመኪና ስፒከርም አብዛኛው 4 ኦም መሆኑን አትርሱ።

ትንሹ አምፕና የላፕቶፕ ቻርጀር

አሁን ገበያውን የሞሉት መዳፍ የሚያህሉ፣ ክላስ ዲ የሚባሉ ኃይል ቆጣቢ አምፖች ናቸው። ብዙዎቹ ውስጣቸው የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ቲፒኤ3116 የምትባል ቺፕ አለች። ለዳር ከተማ ኑሮ ከነሱ የተሻለ አላውቅም፤ ከሚወስዱት ኤሌክትሪክ ከ85 በመቶ የማያንሰውን ለስፒከር ያደርሳሉ፣ አይግሉም፣ የሚሠሩትም በባትሪ ቮልት ነው። ካርቶናቸው ላይ ግን «2 ጊዜ 100 ዋት» ይላል። እውነቱን ራሳችሁ ማስላት ትችላላችሁ፦ ቮልቱን በራሱ አባዙት፣ ከዚያ ለስፒከሩ ኦም እጥፍ አካፍሉት። በ12 ቮልትና በ8 ኦም 144 ለ16፣ ማለትም 9 ዋት ይመጣል። በ19 ቮልት 22 ዋት ከምናምን፣ በ24 ቮልት 36 ዋት። ከዚህም ላይ ሩብ ያህሉን ቀንሱ። በ8 ኦም ስፒከር፣ ከካርቶኑ ጋር በመጣችው ባለ 12 ቮልት ቻርጀር 100 ዋት የሚባል ነገር አይኖርም።

ላፕቶፑ ሞቶ የቀረ ቻርጀር ካላችሁ እሱ ይሻላል። 19 ቮልት፣ 4.74 አምፔር የሚለው 90 ዋት ነው፤ ለሁለቱም ቻናል ይበቃል። ሁለት ነገር አረጋግጡ። አንደኛ መሐሉ ፕላስ፣ ዙሪያው ማይነስ መሆኑን በመልቲሜትር ለኩ። ሁለተኛ የጃኩን ውፍረት እዩ፤ ውጪያቸው 5.5 ሚሊሜትር ሆኖ ቀዳዳቸው 2.1 እና 2.5 የሆኑ ሁለት ዓይነቶች አሉ፣ በዓይን አይለዩም። ባለ 2.5ቱ ጃክ ባለ 2.1 መርፌ ላይ ሲገባ ይላላና ድምፁ ይቆራረጣል፤ ሰው አምፑ ተበላሸ ብሎ ይጥለዋል። ቺፗ ከ26 ቮልት በላይ አትችልም። 32 ቮልት የፕሪንተር ቻርጀር የሰካ ሰው ጭስ ነው የሚያየው።

መብራት

ዳር ላይ የሚኖር ሰው አምፕ ሲመርጥ ስለ መብራቱ ሳያስብ መምረጥ የለበትም። ማታ ሁሉም ምጣድ ሲጥድ 220 የነበረው 180 ይሆናል። ከባድ ትራንስፎርመር ያለው የድሮ አምፕ ኃይሉ ከቮልቱ ጋር በካሬ ይወርዳል፤ በ180 ቮልት 50 ዋት የነበረው ወደ 33 ይቀንሳል፣ ድምፁ ቶሎ ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀ ድምፅ ደግሞ ትዊተር ያቃጥላል። ብዙ ሰው ስፒከር የሚቃጠለው አምፑ ስለበዛበት ይመስለዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ያነሰ አምፕ ከአቅሙ በላይ ሲከፈት የድምፁ ሞገድ ጫፉ ይቆረጣል፣ ወደ ትዊተር የሚሄደው ጉልበት ይጨምራል፣ እንደ ፀጉር የቀጠነው የትዊተር ሽቦም አይችልም። ድምፁ መሻከር ሲጀምር ዝቅ አድርጉት፤ ከዚህ የቀለለ መከላከያ የለውም።

«ከ100 እስከ 240 ቮልት» የሚል ቻርጀር ወይም ፓወር ሰፕላይ ያለው አምፕ ይህን መውጣትና መውረድ አያውቀውም፤ ስታቢላይዘርም አይፈልግም። ለትራንስፎርመሩ አምፕ ስታቢላይዘር ይጠቅማል፤ ነገር ግን የሄደ መብራት ሲመለስ የሚመጣውን ቅጽበታዊ ምት ስታቢላይዘርም ላይደርስበት ይችላል። ፍሪጅ ጋርድ የምትባለው ዕቃ መብራት ከመጣ በኋላ ደቂቃዎች አዘግይታ ነው የምትለቀው፤ ለአምፕም ያው ሥራ ትሠራለች፣ ርካሽ ናት። መብራት ሲጠፋ ዲቫይደሩን ማጥፋት ደግሞ ነፃ ነው።

መብራት በሌለበትም መስማት ይቻላል። 12 ቮልት፣ 20 አምፔር ሰዓት የሆነ የሶላር ባትሪ 240 ዋት ሰዓት ይይዛል። የአሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች ከወረደ ዕድሜው ስለሚያጥር 120ውን ተጠቀሙ። ትንሹ ክላስ ዲ አምፕ በመደበኛ ድምፅ ከ10 ዋት በላይ አይወስድም፤ 12 ሰዓት ማለት ነው። ባትሪውን በቀጥታ፣ መሐል ላይ 5 አምፔር ፊውዝ አስገብታችሁ አገናኙ። በኢንቨርተር (የባትሪን ኃይል ወደ 220 ቮልት በሚቀይር ዕቃ) አዙሮ ማምጣት ብክነት ነው። ርካሹ ኢንቨርተር የሚያወጣው ሞገድ የተስተካከለ ስላልሆነ የትራንስፎርመር አምፕ እንደ ንብ ያንዛዝበታል።

ከአሜሪካ በዘመድ የመጣ አምፕ ጀርባው 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ይላል፤ ከጃፓን የመጣው 100 ቮልት። ጀርባው ላይ 110 ወይም 220 የሚል መቀየሪያ ካለው ሳትሰኩ በፊት አዙሩት። ከሌለው ስቴፕ ዳውን፣ ማለትም ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፤ መጠኑም አምፑ ከሚወስደው እጥፍ ይሁን፣ ለ200 ዋት 400 ወይም 500 ቪኤ (የትራንስፎርመር አቅም መለኪያ)። ሻንጣ ውስጥ የሚገባው ቀላል የጉዞ መቀየሪያ ለፀጉር ማድረቂያ ነው፣ ለአምፕ አይሆንም። 60 ኸርዝ ብቻ ተብሎ የተሠራ ትራንስፎርመር በእኛ 50 ኸርዝ ሞቅ ይላል፤ አየራችን ሳስቶ ሙቀት የመውሰድ አቅሙም ስለሚያንስ ቡፌ ውስጥ አትዝጉበት። ከላይ 15 ሳንቲሜትር ክፍት ይሁን። ዳንቴል አታልብሱት። ይህን ስል ስንት እናቶች እንደሚቆጡኝ አውቃለሁ።

ያገለገለ ስትገዙ

መርካቶ ሄዳችሁም ሆነ ከሰው ቤት፣ መልቲሜትርና አንድ ባለ 1.5 ቮልት የሬዲዮ ድንጋይ ኪሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ። በስፒከሩ ሁለት ጫፎች ላይ ኦም ለኩ፤ 8 ኦም የተባለው ከ5.5 እስከ 7፣ 4 ኦም የተባለው ከ3 እስከ 3.8 ማሳየት አለበት። ምንም ካላሳየ ሽቦው ተበጥሷል። ይህ ልኬት ግን የሚነግራችሁ ስለ ዉፈሩ ብቻ ነው፤ በትዊተሩ መንገድ ላይ ቀጥተኛ ከረንት የማያሳልፍ ካፓሲተር ስላለ የሞተ ትዊተር አይታይበትም። ስለዚህ ሙዚቃ አስከፍታችሁ ጆሯችሁን ትዊተሩ ላይ አስጠጉ፤ የጸናጽልና የጭብጨባ ድምፅ ከዚያ መውጣት አለበት።

ከዚያ የዉፈሩን ጠርዝ እዩ። ጎማ ከሆነ ብዙ ዓመት ይኖራል። ስፖንጅ ከሆነ ከ15 ወይም 20 ዓመት በኋላ እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል፤ በጣት ነካ ስታደርጉት ጥቁር ዱቄት ከተወ አልቆለታል። የሁለት እጃችሁን ጣቶች በኮኑ ዙሪያ እኩል አሳርፋችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ውስጥ ግፉትና ልቀቁት። ዝም ብሎ መመለስ አለበት፤ የአሸዋ ወረቀት የመሰለ ፍትጊያ ከሰማችሁ ቮይስ ኮይሉ (ኮኑን የሚገፋው የሽቦ ጥቅል) ተቃጥሎ ወይም ተጣሞ ብረቱን ይነካል። «ትንሽ ነው፣ ይሠራል» ይሏችኋል። አይሠራም።

የድንጋዩን ፕላስ በስፒከሩ ቀይ፣ ማይነሱን በጥቁሩ ለአፍታ ንኩ። ኮኑ ወደ ውጭ ዘለል ካለ ቀለሙ ትክክል ነው። አንዱ ወደ ውጭ፣ ሌላው ወደ ውስጥ የሚዘል ከሆነ ከዚህ በፊት የተፈታና ተገልብጦ የታሠረ ነው፤ እንዲሁ ቢሰካ ቤዙ ይጠፋል፣ የዘፋኙም ድምፅ መሐል ላይ መቆሙን ትቶ ክፍሉን ይዞራል።

አምፑን ደግሞ ስፒከር ሳይታሰርበት አብሩት። ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ውስጡ «ቀጭ» የሚል መከላከያ ሪሌ ካለው ጥሩ ምልክት ነው። በስፒከር ማሰሪያው ላይ ዲሲ ቮልት ለኩ፤ ከ50 ሚሊቮልት በታች ደህና ነው፣ ከ100 ከበለጠ ተጠራጠሩ፣ ሙሉ ቮልት ካሳየ ስፒከራችሁን ያቃጥላል። የድምፅ ማዞሪያው ሲዞር ቢንኮሻኮሽ አትሽሹ፤ ብዙ ጊዜ ኮንታክት ክሊነር ይበቃዋል፣ ለዋጋ መቀነሻም ይሆናችኋል። ክዳኑ ተከፍቶ ሲታይ አናቱ ያበጠ ካፓሲተር ካለበት ካፓሲተሩ አልቆለታል፤ የግራውና የቀኙ ቻናል የኃይል ትራንዚስተሮች የማይመሳሰሉ ከሆነ ደግሞ አንድ ጊዜ ተቃጥሎ ተጠግኗል። 2ኤስሲ5200 እና 2ኤስኤ1943 የሚባሉት ጥንዶች አስመስሎ የተሠራላቸው በዓለም ገበያ ብዙ ነው። አስመስሎ የተሠራው ቀስ ብሎ ሲዘፈን ይኖራል፤ ሲከፈት ይሄዳል።

ለመሞከሪያ የምታውቁትን ዘፈን ያዙ። የወንድ ድምፅ ሣጥኑ ራሱ የሚያንጎራጉር መሆኑን ያጋልጣል፤ ዘፋኙ በርሜል ውስጥ የገባ ከመሰለ የሣጥኑ ጣውላ ስስ ነው። በጣታችሁ ጎኑን አንኳኩት፤ ዝግ ያለ «ድም» ይሁን እንጂ እንደ ከበሮ አይመልስ። ክራር የመካከለኛውን ድምፅ ጥራት ትነግራችኋለች። በገና ግን ያገለገለ ስፒከር መሞከሪያ አታድርጉ። አሥሩም ጅማቶች በየሥራቸው እንዝራ የሚባል ቁራጭ ቆዳ ስላላቸው ድምፁ በተፈጥሮው ይነዝራል፤ ያንን ነዘራ ከተቀደደ ኮን ነዘራ ለመለየት ልምድ ይጠይቃል። ስፒከሩ ጤነኛ መሆኑን ካረጋገጣችሁ በኋላ ግን ከበገና የበለጠ ፈታኝ የለም፤ በጥሩ ስፒከር ቆዳው ጅማቱን ሲነካው ይሰማል፣ በመጥፎው ዝም ብሎ «ዝዝዝ» ነው።

ገመድና አቀማመጥ

ውድ የስፒከር ገመድ አትግዙ። የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ለመብራት የሚሸጠው 1.5 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ፣ ክሩ የተጎነጎነው ዓይነት፣ እስከ 6 ሜትር ለ4 ኦምም ለ8 ኦምም ይበቃል። ደርሶ መልስ 12 ሜትር ሆኖ የሚያባክነው 0.14 ኦም ብቻ ነው፤ ከስፒከሩ ኦም 5 በመቶ እስካልበለጠ ጆሮ አይሰማውም። ቀጭኑ ባለ 0.5 ገመድ ግን በዚሁ ርቀት 0.4 ኦም ይደርሳል፤ ለ4 ኦም ስፒከር አንድ አሥረኛው ማለት ነው። ስትገዙ አንዷን ክር በቢላ ፋቁ። ውስጧ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው፤ ከ1.5 ይልቅ እንደ 1 ቁጠሩት። ስታስሩ አንዲት ክር እንኳን ተርፋ ቀዩን ከጥቁሩ እንዳታገናኝ፤ አምፕ ከሚገድሉ ነገሮች አንዷ እሷ ናት።

ስፒከሮቹ ከቡፌው ውስጥ ይውጡ። በመካከላቸው ያለው ርቀትና ከእያንዳንዳቸው እስከ እናንተ ያለው እኩል ወይም ቀረብ ያለ ይሁን፣ ከኋላ ግድግዳ 30 ሳንቲሜትር ይራቁ። ቀዳዳው ከኋላ የሆነ ሣጥን ከዚህ መራቅ ካልቻለ ቀዳዳው ውስጥ የተጠቀለለ ካልሲ ክተቱ፤ ቤዙ ይረጋል። ስታንድ ለመግዛት ካልቻላችሁ ብሎኬት አለ። 40 በ20 በ20 የሆነውን ሦስት ደራርቡ፣ 60 ሳንቲሜትር ይሆናል፤ ሆዱን በአሸዋ ሙሉት፣ እርስ በርሱ በጅብሰም አያይዙት፣ በተለይ ልጅ ካለ። ከሥሩ የምንጣፍ ቁራጭ፣ ከላዩ አራት ትናንሽ የጎማ ቁራጮች። ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ጆሮ ከወለል 95 ሳንቲሜትር አካባቢ ነው፤ ትዊተሩ 82 ላይ ከዋለ የፊተኛዎቹን ጎማዎች ከኋለኞቹ 1 ሳንቲሜትር አስበልጡ፣ ወደ ጆሮ ቀና ይላል። ግድግዳ ላይ መስቀል ያማረው ሰው ብሎኬት ውስጡ ባዶ መሆኑን ያስታውስ፤ ተራ ፊሸር ከባድ ሣጥን አይዝም።

ከቴሌቪዥን ወይም ከዲሽ ሪሲቨር ለማገናኘት ቀይና ነጭ ጃክ ካለ ነገሩ አለቀ። ቴሌቪዥኑ ኦፕቲካል ብቻ ካለው ዳክ የምትባለዋን፣ ዲጂታሉን ወደ ተራ የድምፅ ምልክት የምትቀይር ትንሽ ሣጥን ጨምሩና በቴሌቪዥኑ የድምፅ ሴቲንግ ፒሲኤም የሚለውን ምረጡ፤ አለዚያ ዝም ይላል ወይም ያንጫጫል። ስልክ የምትሰኩት ኦክስ የሚለው ላይ ነው። አንዳንድ አምፕ ጀርባው ላይ «ፎኖ» የሚል አለ፤ ስሙ ስልክ ስልክ ቢልም ለሸክላ ማጫወቻ የተሠራ ነው፣ የሚጠብቀው ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ነው። ስልክ ሲሰካበት ድምፁ ተቀዳዶ ይወጣል፣ ብዙ ጤነኛ አምፕም በዚህ ሰበብ ጥገና ቤት ሄዷል።

ሁሉም ከታሰረ በኋላ ስልካችሁ ላይ ቶን ጀነሬተር የሚባል አፕ ጫኑና ከ30 እስከ 200 ኸርዝ ቀስ እያላችሁ ውጡ። በዝቅተኛ ድምፅ ይሁን። የሆነ ቁጥር ላይ ቡፌው ውስጥ ያሉት ሲኒዎች ይንቀጨቀጫሉ፣ ትንሽ ከፍ ሲል ስቱኮው የለቀቀ መስታወት፣ ቀጥሎ የበሩ መወርወሪያ። እያቆማችሁ እያንዳንዱን በእጅ እየያዛችሁ ዝም ያለውን ለዩ። ከሲኒዎቹ ሥር ፎጣ፣ ለመስታወቱ አዲስ ስቱኮ፣ ለመወርወሪያው አንድ ቁራጭ ጎማ።